ከሃያ የሚጀምር ሜትር

ማቴ፣ የቤቴ አባት፣

እንዴት ነህ ብዬ አልጀምርም። ካለህበት ቦታ ከእኛ በተሻለ ደህና እንደሆንክ አምናለሁ። የምጽፍልህ የቤታችንን ወሬ ላደርስህ ነው። ደግሞም የምናዘዝልህ ነገር አለ፤ ከሌላ አፍ ከምትሰማው ከራሴ ብትሰማው ይሻላል።

ከተለያየን አንድ ዓመት ከሰባት ወር ሆነን። በአንተ በኩል ያለው ትራስ አሁንም ቦታው ላይ ነው። ልጃችን ሰላም አንሶላ ስትቀይርልኝ ለምን መሃል ላይ እንደማልተኛ ትጠይቀኛለች፤ አልጋው እኮ ሰፊ ነው ትለኛለች። ልጅ ናት፣ አልጋ በሜትር ብቻ የሚለካ ይመስላታል።

አሁን ዋናውን ልንገርህ። በረንዳህን አፈረስኩት። በእጅህ የሠራኸውን የእንጨት ወለል ከስሩ ከሚሸከመው ሞራሌ ጋር አስነቅዬ በምትኩ ያንን አንተ ስትስቅበት የነበረውን፣ ኮምፖዚት የሚሉትን ጣውላ አስደረግሁ፤ የእንጨት ዱቄትና ፕላስቲክ አብሮ ቀልጦ የሚሠራውን። ቆይ፣ አትቆጣ። እስከ መጨረሻው ስማኝና ከዚያ ትቆጣለህ።

ወደዚህ ቤት የገባን ሰሞን ትዝ ይልሃል? የሐይቁ ውኃ ያን ያህል ርቆ እያለ ከምድር በታች ይመጣብን ነበር። ክረምት በገባ ቁጥር የበረንዳው ሲሚንቶ ያልበዋል፣ ከዚያ ይሰነጠቃል፣ አንተ ትደፍነዋለህ፣ እንደገና ይሰነጠቃል። በሁለተኛው ዓመት ሲሚንቶውን ተውከውና በላዩ፣ ከመሬት እስከ ጉልበት ከፍ ያለ የእንጨት ወለል ዘረጋህ። ከፈረሰ የድሮ ቤት የወጣ ዝግባ አግኝተህ በጋሪ አስጭነህ ስትመጣ እንደ ሙሽራ በጎኑ እየሄድክ አጅበኸው ነበር። ከበሩ ሦስተኛዋ ጣውላ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ሲጥ ትል ነበር። አስተካክላት ብዬ ስጨቀጭቅህ እማማ በእሷ ነው የምታውቀኝ እያልክ እምቢ አልከኝ። እውነትህን ነበር። የእናትህ ዓይን እየደከመ ሲሄድ ማን እንደገባ የሚለዩት በእሷ ድምፅ ሆነ። የአንተን እርምጃ ከሰላም፣ የሰላምን ከእኔ ለይተው ከወንበራቸው ሳይነሱ በስማችን ይጠሩን ነበር።

በየዓመቱ ግንቦት ሲያልቅ ከጋራዥ የተቃጠለ ዘይት በጀሪካን ታመጣለህ። ምስጥ እንዳይበላው ጣውላውን ከላይም ከታችም ትቀባዋለህ። ሦስት ቅዳሜ ይፈጅብሃል። በደረትህ እየተሳብክ ወለሉ ስር ትገባና ጫማህ ብቻ ይታየናል። ቤቱ ለሳምንት ጋራዥ ጋራዥ ይሸታል፤ እኔም ሳምንቱን ሙሉ እነጫነጫለሁ። እንግዳ በረንዳችንን ሲያደንቅ ግን ቀድሞ የሚያወራው የእኔ አፍ ነበር። ምንም አላስወጣንም፣ ማቴ ነው በእጁ የሠራው እላለሁ። ምንም አላስወጣንም ማለቴ አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል፤ ወደ እሱ እመለሳለሁ።

አንተ ኅዳር ላይ ሄድክ። ግንቦት መጣ፣ ግንቦት አለፈ። ጀሪካኑ ዕቃ ቤቱ ጥግ ነበር፤ በዓይኔ አየው ነበር። ነገ ሰው ፈልጌ አስቀባዋለሁ እያልኩ ክረምቱ ገባ። እውነቱን ልንገርህ፣ ያንን ሽታ ያለ አንተ ማሽተት ፈርቼ ነው።

ነሐሴ ላይ አንድ ጠዋት እማማ ከዘራቸውን ይዘው ወደ ወንበራቸው ሲወጡ ጣውላው ከስራቸው ተሰበረ። እኔ ጓዳ ነበርኩ። እሳቸው አልጮኹም፤ የሰማሁት ከዘራው ሲወድቅ ነው። ሮጬ ስወጣ አንድ እግራቸው እስከ ጉልበታቸው ወለሉ ውስጥ ገብቷል፣ እጃቸው ግን የተሰበረውን ጣውላ ይዳብሳል። ምስጡ ውስጡን በልቶ ላዩን ብቻ ትቶት ኖሯል። በጣቴ ስነካው እንደ ደረቅ ዳቦ ተፈረፈረ። ዳሌያቸው ተሰነጠቀ። ሐኪሙ በዚህ ዕድሜ ተመልሰው በእግራቸው ይሄዳሉ ብለን እንዳንጠብቅ ነገረን። የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ተሽከርካሪ ወንበር ገዝተው አመጡልን፤ ጌታ ይባርካቸው። ግን ወንበሩ በየት ይሽከርከር? የበረንዳው ወለል ወንፊት ሆኖ ነበር።

እማማ ክፍላቸው ገቡና ቀሩ። ያንን ክፍል ታውቀዋለህ፤ መስኮቱ ከጎረቤት ግድግዳ ጋር ስለሚፋጠጥ ፀሐይ አይገባበትም። መንገድ የሚያልፈውን ሁሉ በድምፁ እየለዩ፣ የዚህን ልጅ የዚያን ከብት ደህንነት እየጠየቁ የሚውሉ ሴት ዝም አሉ። ምግብ ቀነሱ። አንድ ቀን ምሳ ይዤ ስገባ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው እንዳዞሩ፣ «ከዚህ ክፍል የምወጣው ወደ ልጄ ስሄድ ነው» አሉኝ። ምሳው እጄ ላይ ቀዘቀዘ።

አንተ በመጨረሻው ሳምንትህ ድምፅህ ከድቶህ እያለ ያልከኝ አንድ ነገር ነበር፤ እማማን ፀሐይ እንዳላሳጣቸው። ስለ ቤቱ አላልክም፣ ስለ ገንዘብ አላልክም፣ ስለ ሰላም እንኳን አላልክም። የተውክልኝ አደራ ያ ብቻ ነበር፤ ያንኑ አንዱን አጎደልኩብህ። ለሰው አልተናገርኩም እንጂ ስንት ቀን እንቅልፍ አጥቻለሁ።

ስለዚህ በረንዳው መሠራት ነበረበት። ሲሚንቶው ያው እንደሚያልበው አውቃለሁ። መጀመሪያ እንደነበረው በእንጨት ላሠራው አሰብኩ። አንተ የምታውቀውን ዓይነት ዝግባ ግን ዛሬ ማግኘት ዘበት ነው። የተገኘው ባህር ዛፍ ነው፣ እሱም ገና ያልደረቀ። ቢገኝስ ማን ይቀባዋል? ሰላም ጠዋት ወጥታ ማታ ነው የምትገባው፤ እኔ ከተንበረከክሁ የሚያነሳኝ ሰው ያስፈልገኛል። የምትሠራበት ሆቴል ወለል በኮምፖዚት እንደተሠራ ያስታወሰችኝ ሰላም ናት።

ያቺን ቀን አልረሳትም። ሰላም ሐይቅ ዳር ያለው ሆቴል ሥራ የጀመረች ሰሞን በመጀመሪያ ደሞዟ ሻይና ኬክ ጋበዘችን። ውኃው ጥግ የተዘረጋው ወለል ላይ አስቀመጠችን። አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ዳር ዳሩን እየተንጎራደዱ ነበር። አንተ ሐይቁንም ልጅህንም ትተህ በሙሉ ልብስህ ተንበረከክህና ወለሉን በጣትህ አጥንት ታንኳኳ ጀመር። አስተናጋጁ የጠፋብህን ዕቃ ሊያፈላልግህ መጣ። ሰላም በአፍረት ሜኑው ውስጥ ገባች። ጆሮህን አስጠግተህ አዳመጥክ፣ ቀና አልክ፣ «አይመልስም» አልክ። እንጨት ሲነኩት ይመልሳል፣ ይሄ አይመልስም፤ ፕላስቲክ ላይ መቀመጥ ካማረኝ ባልዲ ገልብጬ እቀመጣለሁ ብለህ ሻዬን ትን አስባልከኝ።

እንግዲህ ያንን ባልዲ ልገዛ ባህል አዳራሽ አካባቢ ያለው የሐጂ ከድር ሱቅ ሄድኩ። ሠላሳ ዓመት ምስማርና ቪቴ የገዛኸው ከሳቸው ስለሆነ ሌላ ሱቅ መግባት ክህደት መሰለኝ። ሐጂ ገና ሲያዩኝ ከመቀመጫቸው ተነስተው ወንበር ሰጡኝ፤ ለአንተም ዱዓ አደረጉ። የጣውላውን ዋጋ ስጠይቃቸው በካሬ ሜትር ነገሩኝ። ከእንጨት ይወደዳል፤ ግን የማይደረስበት አልመሰለኝም። በልቤ አባዝቼ፣ ደምሬ፣ ቦርሳዬን ልዘጋ ስል ሐጂ ፈገግ ብለው ይሄ የቆዳው ዋጋ ነው፣ አጥንቱ ገና ነው አሉኝ።

አጥንቱን አንድ በአንድ አስረዱኝ። ጣውላው ራሱ ውስጡ ክፍት የሆነ አለ፣ ድፍን አለ። ክፍቱ ይረክሳል፤ ተሽከርካሪ ወንበር ለሚሄድበት ግን ድፍኑ ይሻላል። ፀሐይ እንዳያነጣው ላዩ የተሸፈነው ደግሞ ዋጋው ሌላ ነው። ከስር የሚሸከመው እንጨት ከሆነ ምስጡ ከታች ይበላውና የማይበሰብሰው ጣውላ በበሰበሰ ነገር ላይ ተቀምጦ ይቀራል፤ ስለዚህ ቱቦላሬ ብረት ነው የሚያስፈልገው፣ እሱም ጸረ ዝገት ተቀብቶ። ይሄ ጣውላ ሙቀት ሲያገኘው ስለሚለመጥ ብረቱ ለእንጨት ከሚደረገው ይበልጥ ተቀራርቦ ይደረደራል፤ ብረቱ በዛ ማለት ነው። ከዚያ ጣውላውን ከብረቱ የሚያያይዘው ክሊፕ አለ፣ የማይዝግ ቪቴ አለ፣ የጠርዝ መሸፈኛ አለ፣ ከአዲስ አበባ ማስጫኛ አለ፣ አሮጌውን ማፍረሻ አለ፣ የሠራተኛ እጅ አለ። ሐጂ ሲጨርሱ የጣውላው ዋጋ ከጠቅላላው ግማሽ ቢሆን ነው። ሰው የሚጠይቀው የሚረግጠውን ነው፤ የሚከፍለው ግን ለማያየውም ነው። ወረቀቱን አጣጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩና ባጃጅ ሳልይዝ በእግሬ ወደ ቤት ሄድኩ።

ቀለሙን እንኳን ልመርጥ ስል ሒሳብ አለው። እኔ ዓይኔ ያረፈው ጠቆር ያለው ላይ ነበር፤ አንተ ዘይት የቀባህ ሰሞን ያለውን መልክ ይመስላል። ሐጂ ግን ጥቁሩ በሐዋሳ ፀሐይ እንደ ምጣድ ይግላል አሉኝ። እማማ ጫማ እንደማይወዱ ታውቃለህ። አመድማውን ያዝኩ፤ አንተን የሚመስለውን ትቼ እሳቸውን የማያቃጥለውን።

ያ ሁሉ ገንዘብ ቤት ውስጥ አልነበረም። የሰላም ቁጠባ ነበረ፣ የእኔም ትንሽ ነበረችኝ፤ አልሞላም። የጎደለውን ለመሙላት የእንጨት መሰንጠቂያ ማሽንህን ሸጥኩት። ይኸው ተናገርኩት። የገዛው ከይርጋለም የመጣ አናጢ ነው። ሲነካካው አየሁት፣ የሚያውቅ እጅ ነበር፤ በዚያ ትንሽ ቀለለኝ። ሲጫን ግን ቆሜ ማየት አልቻልኩም። ዕድሜህን እንጨት የሰነጠቅክበትን ማሽን ሸጬ እንጨት ያልሆነ ጣውላ ገዛሁበት። ይቅር በለኝ። ሌላውን ዕቃህን አልነካሁም። መዶሻህ፣ መጋዝህ፣ ከኪስህ የማትለየው ባለ ሦስት ሜትሩ ሜትርህ፣ ሁሉም ሳጥንህ ውስጥ አለ።

ጥፋቴ ግን ማሽኑ ብቻ መስሎህ እንዳታርፍ። ሐጂ ሰው ልኬ በረንዳውን ላስለካልሽ ሲሉኝ፣ የአናጢ ሚስት ነኝ፣ ራሴ ለክቼ አመጣለሁ አልኳቸው። ሜትርህን ከሳጥንህ አወጣሁ። ሰላም ጫፉን ይዛልኝ በርዝመቱ ሦስቴ ዘረጋነው፣ በወርዱ ሁለቴ። ቁጥሩን ወረቀት ላይ ጻፍኩና አንተ እንደምታደርገው ከስሩ ሁለት ጊዜ አሰመርኩበት። ኩራቴን ብታየው! ሐጂ ወረቀቱን ተቀብለው አነበቡና በረንዳው ሰፊ ነው ለካ አሉ። ቀብዱን ከፍዬ ወጣሁ።

ጣውላው ግንቦት አጋማሽ ላይ መጣ። ሁለት ሠራተኞች አሮጌውን ሲነቅሉ እኔ ጓዳ ሆኜ ንጹሕ ዕቃ እንደገና አጥብ ነበር። ሲጥ የምትለዋን ሦስተኛዋን ጣውላ ለይተው እንዲያስቀምጡልኝ ለምኛቸው ነበር። ሲያነሷት ለሁለት ተሰበረች። በአራተኛው ቀን ወለሉ አለቀ፣ ጣውላው ግን አላለቀም። ግቢው ውስጥ ተደርድሮ ቀረ፤ ከአምስት ካሬ በላይ። ሠራተኞቹ ለቁርጥራጭ ትንሽ ትርፍ ይታዘዛል፣ ይሄ ግን ሌላ በረንዳ ነው ብለው ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም። እያንዳንዷ ጣውላ ከማሽንህ ላይ የተቆረጠች ሆና ታየችኝ።

ሐጂ በማግስቱ ሥራውን ሊያዩ መጡ። በሠራተኛው ሜትር ለኩ፣ ወረቀቴን አወጡ፣ እንደገና ለኩ። ከዚያ በምን እንደለካሁት ጠየቁኝ። ሜትርህን አምጥቼ ሰጠኋቸው። ጫፉን ስበው ወደ ዓይናቸው አስጠጉት።

«ይሄማ ያ ከሃያ የሚጀምረው የማቲዎስ ሜትር ነው» አሉ።

ማቴ፣ እንዴት ረሳሁት? ሰላም ገና ጡት ሳትጥል ነው የሜትሩ ጫፍ ተጣሞ የተበላሸው። አንተ በቆርቆሮ መቀስ ሃያው ላይ ቆረጥከውና ከሃያ መጀመር ነው፣ ሲጨርሱ ሃያ መቀነስ ነው አልከኝ። ሐጂ አዲስ በነጻ ውሰድ እያሉ ስንት ዓመት ለመኑህ። አዲስ ሜትር ሰው ያሰንፋል፣ ይሄኛው እንዳስብ ያደርገኛል ትላቸው ነበር። እኔ ራሴ ባሌ ዕድሜውንም ሃያ ቀንሶ ነው የሚናገረው እያልኩ በእንግዳ ፊት ስንት ጊዜ ቀልጄብሃለሁ። ሰላምን በየልደቷ በሩ መቃን ላይ አቁመህ ስትለካት ከኋላህ ሆኜ ሃያውን ቀንስ እልህ የነበርኩት እኔ ነኝ። አንድ ዓመት ዝም ስልህ ረሳኸውና ልጅቱ በአንድ ዓመት ስንዝር ከምናምን አደገች፤ መንደሩን ሁሉ እየዞረች ስትናገር ዋለች። የተሳሳተው ቁጥር አሁንም መቃኑ ላይ ተጽፎ አለ። በዚያ በር በቀን ስንት ጊዜ አልፋለሁ።

እኔና ሰላም ሜትሩን አምስት ጊዜ ስንዘረጋ አምስቱንም ጊዜ የሌለ ሃያ ሳንቲ ሜትር ጨምረን ነበር። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ነው። ግን የቆጨኝ ጣውላው አይደለም። ሐጂ ከድር የሱቃቸውን ደንበኛ ሜትር አልረሱም፤ እኔ የባሌን ረሳሁ። ክፍላችን ገብቼ በአንተ ትራስ ላይ አለቀስኩ። በቀብርህ ዕለት እንኳን እንደዚያ አላለቀስኩም። ያኔ ያጣሁት አንተን ብቻ ነበር፤ አሁን ግን የአንተን ነገር ከውስጤም እያጣሁ መሰለኝ። ዛሬ ሜትሩን፣ ነገ ምኑን? ስትስቅ ከድምፁ በፊት ትከሻህ እንደሚነቃነቅ? ሻይ ስትጠጣ መጀመሪያ እጅህን በብርጭቆው እንደምታሞቅ? ፈራሁ ማቴ።

ፊቴን ታጥቤ ስወጣ ሐጂ አልሄዱም። ከበረንዳው ወደ ግቢ በሚያወርዱት ሦስት ደረጃዎች ላይ ተቀምጠው ጠበቁኝ። ትርፉን ጣውላ መልሰው እንደሚወስዱልኝ ነገሩኝ። እሺ ልል ስል ዓይኔ የተቀመጡበት ደረጃ ላይ አረፈ። በዚያ ሁሉ ሒሳብ፣ በቆዳውም በአጥንቱም፣ እማማ ከበረንዳው ወደ ግቢ የሚወርዱበትን መንገድ ማናችንም አላሰብንም ነበር። በረንዳው ላይ ከወጡ ይበቃል ብዬ ነበር። ትርፉ ጣውላ ለወንበሩ ተዳፋት መውረጃ ይሆን እንደሆነ ጠየቅኋቸው። ሐጂ ተነስተው ለኩ፤ በሠራተኛው ሜትር ሳይሆን በአንተው ሜትር፣ ከሃያ ጀምረው። ልክክ አለ። ሳይደግስ አይጣላም ማለት ይሄ ነው። ለመውረጃው የሚያስፈልገውን ብረት ልከፍል ስል ሐጂ እምቢ አሉኝ፤ ማቲዎስ አልወስድም ያለኝ የአዲሱ ሜትር ሒሳብ ይሁን አሉኝ።

እማማን ለማውጣት ግን ጣውላ ብቻ አልበቃም። አልወጣም አሉ። አንድ ጊዜ የከዳ ወለል እንደገና ይከዳል ብለው ፈሩ። ሰላም ለመነች፣ እኔ ለመንኩ፣ እምቢ። በመጨረሻ አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጬ የሜትሩን ነገር ነገርኳቸው። ያልቀባሁትን ዘይት፣ የሸጥኩትን ማሽን፣ የረሳሁትን ሃያ፣ ሁሉንም። ትከሻቸው ሲነቃነቅ የሚያለቅሱ መስሎኝ ነበር። ለካ እየሳቁ ነው። አንተ እንደምትስቀው፣ ከድምፁ በፊት በትከሻቸው። ይሄንን ከማን እንደወሰድክ ያኔ ገባኝ። ሜትሩን አምጪ አሉኝ። በአውራ ጣታቸው ጫፉን ዳሰሱት፤ በመቀስ የቆረጥክበትን ሸካራውን ቦታ። ከዚያ ተሽከርካሪ ወንበሩ ላይ እንድናስቀምጣቸው ፈቀዱ፣ ሜትሩን ጭናቸው ላይ አደረጉና፣ «ግፊኝ» አሉ።

ወጣን። ወንበሩ ሦስተኛዋ ጣውላ የነበረችበት ቦታ ሲደርስ ጆሯቸውን ዘንበል አደረጉ። ምንም ድምፅ አልነበረም። ልክ ነበርክ ማቴ፣ አይመልስም። ግን ይሸከማል፤ እናትህን ይዞ ንቅንቅ አላለም። በመውረጃው ወደ ግቢ፣ ከግቢው ወደ አጥር በሩ፣ ከአጥር በሩ ወደ መንገድ ወጣን። ከአሥር ወር በኋላ ፀሐይ ፊታቸው ላይ ስታርፍ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ አፋቸውን ትንሽ ከፈት አድርገው ቆዩ። ጎረቤቱ ሁሉ እየወጣ ከበባቸው። ለአንዱ በሲዳምኛ፣ ለሌላው በአማርኛ ይመልሳሉ፤ ለሁሉም ግን ያንን አሮጌ ሜትር ከጭናቸው አንስተው ያሳያሉ። «ልጄ ነው ያወጣኝ» ይላሉ። ማንም አልገባውም፤ ማንም ግን አላረማቸውም። በሚቀጥለው እሁድ ቤተ ክርስቲያን ሄድን።

አሁን ምንም አላስወጣንም ወዳልኩት ልመለስ። ሐጂ እንደሚሉት ይሄ ጣውላ መጀመሪያ ይወደዳል እንጂ ኋላ ወጪ የለውም፤ አይቀባም፣ ውኃና ሳሙና ይበቃዋል። እውነት ነው። ያንን ሲሉኝ ግን ሌላ ነገር ገባኝ። የእንጨቱ ወለል ወጪ እንደሌለው የመሰለን አንተ ስትከፍለው ስለኖርክ ነው፤ በጉልበትህ፣ በደረትህ፣ በየዓመቱ በሦስት ቅዳሜህ። ስንት ቅዳሜ እንደሚሆን ላሰላ ጀመርኩና ተውኩት። እኔ ሽታውን ቆጠርኩብህ እንጂ ቅዳሜዎቹን አልቆጠርኩልህም። ሙት ወቃሽ አያድርገኝ እንጂ አንተም ጥፋት አለብህ፤ አንድ ቀን እንኳን ደከመኝ ብለኸኝ አታውቅም። ብትለኝ ኖሮ ቢያንስ ሻይ ይዤልህ ወለሉ ስር እመጣ ነበር።

ጀሪካኑን አልጣልኩትም። ከስሩ ትንሽ ዘይት ቀርቶታል። ግንቦት ሲያልቅ ክዳኑን ከፍቼ አሸተትኩት፤ አልሸሸሁም። ናፈቅኸኝ። ጋራዥ ጋራዥ የሚሸት ሸሚዝህን እየተነጫነጭኩ ማጠብ ናፈቀኝ።

ይሄንን የምጽፍልህ በረንዳው ላይ ሆኜ ነው። እማማ አጠገቤ ናቸው፤ ወንበራቸው የድሮ ቦታቸው ላይ ነው። ወለሉ ስለማይናገር ማን እንደገባ እኔን ይጠይቁኛል፤ እኔም እነግራቸዋለሁ። አሁን ሰላም ከአሞራ ገደል የዓሣ ገበያ ዓሣ ገዝታ ገባች፣ አልኳቸው። አንዳንዴ ማንም ሳይገባ ማን ገባ ይሉኛል። ያኔ ማንን እንደሚጠብቁ ስለማውቅ ወንበሬን አስጠግቼ እጃቸውን እይዛለሁ።

ሰላም ለክፍሏ መጋረጃ ልታሰፋ ነው። መስኮቱን ለኪልኝ ብላ አዲስ ሜትር ገዝታ አመጣችልኝ። መለስኩላት። ያንተን ከእማማ ጭን አንስቼ እንዴት እንደሚለካበት አሳየኋት፤ አንድ ቀን ለልጆቿ እንድታሳይ። ማቴ፣ የማይታየውን ሃያ አንተ እንደያዝክልኝ እቆጥረዋለሁ። እስክንገናኝ ድረስ በዚህ ቤት ምንም ስለካ ከሃያ እጀምራለሁ።

የአንተው ታደለች